ኢንተርቫል ወይስ ወጥ እንቅስቃሴ? ውፍረት ያለባት ወጣት ሁለቱን እንዴት ታወዳድራለች

ኢንተርቫል ማለት ለጥቂት ደቂቃ ጠንከር፣ ለጥቂት ደቂቃ ቀዝቀዝ እያሉ መሥራት ነው። ወጥ እንቅስቃሴ ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ፍጥነት የሚዘለቅ ነው። ጂም ውስጥ ሲወራ የመጀመሪያው «በግማሽ ሰዓት እጥፍ ስብ የሚያቃጥል» ተደርጎ ይቀርባል። እኩል ሥራ ሲሠራባቸው ግን የሚቀንሰው ስብ ተቀራራቢ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ ውፍረት ባለባቸው ወጣት ቻይናውያን ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት ሁለቱም ቡድኖች በየልምምዱ ብስክሌት ላይ 300 ኪሎጁል (ኪሎጁል የተሠራ ሥራ መለኪያ ነው) እንዲሠሩ አደረገ። ከ12 ሳምንት በኋላ ሆድ ዕቃን የከበበው ስብ በሁለቱም ቡድኖች በተመሳሳይ መጠን ቀንሶ ተገኘ። ስለዚህ «የትኛው ያከሳል?» ከሚለው ይልቅ «የትኛውን ሳልተወው እዘልቃለሁ?» የሚለው ጥያቄ ይበልጥ ይጠቅማል። ለዚህ መልስ ማግኛው መንገድ እነሆ።

1. ጤናሽን አጣሪ

ስትንቀሳቀሺ ደረትሽን የሚያምሽ፣ ራስሽን ስተሽ የምታውቂ፣ የደም ግፊትሽ ያልተስተካከለ ወይም እርጉዝ ከሆንሽ ሐኪም ሳያይሽ ኢንተርቫል አትጀምሪ። ለስኳር ሕመም ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ክኒን የምትወስጂም እንደዚሁ፤ እንቅስቃሴ የደም ስኳርን ከሚገባው በታች ሊያወርድ ይችላል። ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ (የወር አበባንና የእንቁላል መውጣትን የሚያዛባ የሆርሞን ችግር) ያለባቸው ሴቶች ሁለቱንም ዓይነት መሥራት ይችላሉ። ክብደት ብዙም ሳይቀንስ እንኳ እንቁላል መውጣት ሊጀምር ስለሚችል ግን «እኔ አላረግዝም» ብሎ መዘናጋት አያዋጣም።

2. መሠረት ጣይ

ለሦስት ሳምንት፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ፈጠን ባለ እርምጃ ብቻ ተራመጂ። በ20 ደቂቃ ጀምረሽ በየሳምንቱ 5 ደቂቃ ጨምሪ። ጅማት ከልብና ከሳንባ ዘግይቶ ስለሚጠነክር፣ ይህን ዘልለው በቀጥታ ወደ ኢንተርቫል የሚገቡ ሰዎች ትንፋሻቸው ሳያንስ የእግራቸው ቅልጥም ወይም ተረከዛቸው ይታመማል።

3. መሣሪያ ምረጪ

የጂም ብስክሌት ይሻላል። በሩጫ ጊዜ እያንዳንዱ ማረፍ በእግር ላይ የሚያሳርፈው ኃይል ከሰውነት ክብደት ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይደርሳል፤ ብስክሌት ላይ ግን ክብደቱን ኮርቻው ይሸከመዋል። ከዚህም ሌላ በየሰከንዱ የምትሠሪውን ሥራ በዋት ስለሚያሳይሽ ማወዳደሩ ቀላል ይሆናል። ኮርቻውን ለማስተካከል ተረከዝሽን ፔዳሉ ላይ አድርገሽ ወደ ታች ግፊው፤ እግርሽ ቀጥ ማለት አለበት። ዝቅ ያለ ኮርቻ የጉልበትን ፊት ለፊት ያሳምማል።

ትሬድሚል ብቻ ካለሽ ሩጫውን ተይና ዳገቱን ከፍ አድርጊ። እጀታውን ግን አትደገፊ፤ የተደገፍሽው ክብደት ያልሠራሽው ሥራ ነው። ጭንሽ ከተፋተገ ሰውነት የሚይዝ ረጅም ቁምጣና ትንሽ ቫዝሊን መላ ነው። በደንብ የሚይዝ የስፖርት ጡት መያዣም ያስፈልጋል።

4. የልብ ምትሽን አስዪ

ዕድሜሽን በ0.7 አባዢና ከ208 ላይ ቀንሺ። የ22 ዓመት ሴት ከፍተኛ የልብ ምቷ ወደ 193 ይሆናል ማለት ነው። ለወጥ እንቅስቃሴ የዚህ ከ64 እስከ 76 በመቶ፣ ማለትም በደቂቃ ከ124 እስከ 147፤ ለኢንተርቫሉ ጠንካራ ክፍል ከ85 እስከ 90 በመቶ፣ ማለትም ከ164 እስከ 174 ያህል ያስፈልጋታል። ቀመሩ ግምት ስለሆነ ከትንፋሽሽ ጋር አመሳክሪው፦ በወጡ ላይ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ትችያለሽ፣ መዝፈን ግን ያቅትሻል። በኢንተርቫሉ ላይ ቁና ቁና እየተነፈስሽ ከሁለት ሦስት ቃል በላይ አይወጣሽም። የልብ ምት የሚቀንስ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ የልብ ምት የሚያሳየውን የእጅ ሰዓት ተይና በትንፋሽሽ ብቻ ተመሪ።

5. ሁለቱን ልምምዶች አዘጋጂ

ወጡ፦ 5 ደቂቃ ማሟሟቅ፣ 45 ደቂቃ በአንድ ፍጥነት፣ 5 ደቂቃ ማብረድ።

ኢንተርቫሉ፦ 8 ደቂቃ ማሟሟቅ፣ ከዚያ 4 ደቂቃ ጠንከር፣ 3 ደቂቃ ቀለል። ይህ አንድ ዙር ነው። በሁለት ዙር ጀምረሽ በየሳምንቱ አንድ ዙር በመጨመር አራት ላይ ድረሺ። በመጨረሻም 5 ደቂቃ አብርጂ፤ ድንገት ቆሞ መቅረት ራስ ያዞራል።

የልብ ምት ከእግር ዘግይቶ ነው የሚወጣው። በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ደቂቃዎች ሰዓትሽ ዝቅተኛ ቁጥር ቢያሳይ ፔዳሉን አትቀጥቅጪ። በጣም የተለመደው ስህተት ይኼ ነው፦ የመጀመሪያው ዙር እንደ ውድድር ይሠራና ሦስተኛው ላይ እግር ይከዳል። የመጨረሻውን ዙር እንደ መጀመሪያው መሥራት ካልቻልሽ በሚቀጥለው ጊዜ 10 ዋት ቀንሺ።

6. ሥራውን አመዛዝኚ

ብዙ ንጽጽር የሚበላሸው እዚህ ነው። ዋትን በሰከንድ አባዝተሽ ለ1000 ስታካፍዪ ኪሎጁል ታገኛለሽ። በ80 ዋት የተሠራ 45 ደቂቃ 216 ኪሎጁል ነው። በ130 ዋት 4 ደቂቃ ሠርተሽ በ30 ዋት 3 ደቂቃ ስትቀዘቅዢ ደግሞ አንዱ ዙር 36.6 ኪሎጁል ይመጣል። አራት ዙር፣ የመጨረሻው ማቀዝቀዣ ሳይቆጠር፣ በ25 ደቂቃ 141 ኪሎጁል ነው። ከ25 ደቂቃ ወጥ ሥራ (120 ኪሎጁል) ይበልጣል፣ ከ45ቱ ደቂቃ ግን በብዙ ያንሳል። እኩል ለማድረግ ስድስት ዙር ያስፈልጋል፤ ይህም 39 ደቂቃ ይወስዳል። ያ ሁሉ የተወራለት የጊዜ ቁጠባ ስድስት ደቂቃ ሆነ!

«ከልምምድ በኋላም ስብ ይቃጠላል» የሚባለው እውነት ነው፣ መጠኑ ግን ልዩነቱን ለመሙላት ትንሽ ነው። ኢንተርቫል በእርግጥ የሚያስመሰግነው ሌላ ነገር አለ፤ የልብንና የሳንባን አቅም ብዙውን ጊዜ ከወጡ በተሻለ ያሳድጋል። ደረጃ ስትወጪ ትንፋሽ የሚያጥርሽ ከሆነ ይህ ቀላል ትርፍ አይደለም።

7. አራት አራት ሳምንት ሞክሪ፣ ለኪ

እያንዳንዱን ዓይነት ለአራት ሳምንት፣ በሳምንት ሦስት ቀን ሥሪ። አራት ሳምንት የተመረጠው ከወር አበባ ዑደት ጋር ስለሚቀራረብ ነው። የወር አበባ ሲቃረብ ሰውነት ውኃ ስለሚይዝ ሚዛኑ አንድ ሁለት ኪሎ ሊጨምር ይችላል፤ ስለዚህ በዑደቱ ተመሳሳይ ቀን ተለኪ። ዑደትሽ ካልተስተካከለ በሳምንት ሦስት ጠዋት ተመዝነሽ አማካዩን ያዢ።

የወገብሽን ዙሪያ በመጨረሻው ጎድንና በዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል፣ ትንፋሽ ካስወጣሽ በኋላ ለኪ። ለአቅም መለኪያ በ80 ዋት ስድስት ደቂቃ ነድተሽ የመጨረሻውን የልብ ምት መዝግቢ፤ በዚያው ዋት ቁጥሩ ከቀነሰ አቅምሽ ጨምሯል።

በዚህ አጭር ጊዜ ስብን በማየት አሸናፊ መለየት አይቻልም፤ ሁለተኛው ዓይነት የመጀመሪያውን ትርፍ ወርሶ ስለሚጀምር ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል። ይልቅ ማስታወሻሽ ላይ እነዚህን ጻፊ፦ ከ12ቱ ልምምዶች ስንቱን ጨረስሽ? በማግስቱ ጉልበትሽ አመመሽ? ከልምምዱ በኋላ ከወትሮው በላይ በላሽ? የቀረውን ቀን ተኝተሽ ዋልሽ? የመጨረሻዎቹ ሁለት ጥያቄዎች የሠራሽውን ሥራ በሙሉ ሊበሉት ይችላሉ።

8. ውጤቱን ተጠቀሚበት

ከ12ቱ 10 ወይም ከዚያ በላይ ያስጨረሰሽን ዋና ልምምድሽ አድርጊው። ሁለቱም ከተስማሙሽ ሁለት ቀን ወጥ፣ አንድ ቀን ኢንተርቫል ጥሩ ቅይጥ ነው፤ ኢንተርቫል የምትደጋግሚ ከሆነ በመካከሉ 48 ሰዓት አሳርፊ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንካራ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ነው። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

በልምምድ መሃል ደረት ላይ መጫን፣ ከትንፋሽ ማጠር ጋር ራስ ማዞር ወይም ዝብርቅርቅ የልብ ምት ከተሰማሽ ግን ዙሩን አትጨርሺ። ወዲያው አቁሚ፣ ተቀመጪ፣ ካልተወሽ ወደ ሕክምና ሂጂ፤ ቢተውሽም ለሐኪም ሳትናገሪ ወደ ልምምዱ አትመለሺ።