አሮጌ የፕላስቲክ የሕዋ መንኮራኩር ሞዴል እንዴት ይታደሳል

ታላቅ ወንድሜ በ12 ዓመቱ የገጣጠማት የፕላስቲክ መንኮራኩር ክንፏ ተገንጥሎ፣ ቀለሟ ተልጦ እጄ ገባች። እንዲህ ያለ ሞዴል ስታገኙ ቀለም ለመቀባት አትቸኩሉ። በአሮጌው ቀለም ላይ አዲስ ከደረባችሁ በገላዋ ላይ የተቀረጹት ስስ መስመሮች ይደፈናሉ። መጀመሪያ ፍቷት።

በጉልበት ከገነጠላችሁ የሚሰበረው ፕላስቲኩ ነው። እኔ በላስቲክ ጠቅልዬ ፍሪዘር ውስጥ አሳደርኳት፤ ቅዝቃዜ አሮጌ ሙጫን ተሰባሪ ያደርገዋል። ጠዋት የከተሩን ጫፍ በመጋጠሚያው አስገብቼ ቀስ እያልኩ ስጠመዝዘው ክንፉ ቀጭ ብሎ ተከፈተ። ከውስጥ፣ ፈሶ የደረቀው ሙጫ ላይ፣ የወንድሜ የአውራ ጣት አሻራ ከነመስመሩ ታትሞ ነበር። አልፋቅሁትም፤ ክንፉ ሲዘጋ እዚያው ውስጥ ይቀራል። ሙጫ በደንብ የበላውን መጋጠሚያ ግን ፍሪዘርም አያላቅቀውም፤ በስስ መጋዝ ቁረጡት።

አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥን) ቀለም ከ90 በመቶ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ይለቃል። ለኢናሜል (ዘይት ነክ ቀለም) የፍሬን ዘይት ይሻላል። ሁለቱንም አስቀድማችሁ በማይታይ ቦታ ሞክሩ፤ ጓንት አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ። ከዚያ በሳሙናና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠቧት።

ፈሳሽ የሞዴል ሙጫ ፖሊስታይሪኑን (ሞዴሉ የተሠራበትን ፕላስቲክ) አሟሙቶ ያዋህደዋል እንጂ እንዲሁ አይለጥፍም። ሁለቱን ክፍሎች ገጥማችሁ ብሩሹን መስመሩን ብቻ አስነኩት፤ ሙጫው ራሱ ስቦ ይገባል። ቀስ ብላችሁ ስትጫኑት የቀለጠ ፕላስቲክ እንደ ክር ብቅ ይላል። እሱን አትጥረጉት፤ ክፍተቱን የሚሞላው እሱ ነው። ቢያንስ አንድ ቀን ካደረ በኋላ በ400፣ በ600፣ በመጨረሻም በ1000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ውሃ እያስነካችሁ አለስልሱት። ግልጽ የሆነውን የአብራሪ መስኮት ግን በሱፐር ግሉ እንዳትነኩት፣ ትነቱ ነጭ ያደርገዋል። ነጭ የእንጨት ኮላ ይበቃል።

የተሰበረ አንቴና ለመተካት ክፍሎቹ ተያይዘው የሚመጡበትን ትርፍ ዘንግ ከሻማ ነበልባል በላይ አሙቁና ሲለሰልስ ከእሳቱ አርቃችሁ ሳቡት፤ እንደ ፀጉር ይቀጥናል።

ግራጫ የመሠረት ቀለም ስትነፉ የተደበቀ ስንጥቅ ሁሉ ይወጣል። በስቱኮ ሙሉትና እንደገና ንፉ።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ እድፉ ነው። ብዙዎች በመንኮራኩር ጎን ላይ ቁልቁል የወረደ የዝገት መስመር ይስላሉ። ሕዋ ውስጥ ዝናብ የለም፤ ታችና ላይም የለም። መሬት የማታርፍ ከሆነች ጥቀርሻው በሞተሮቹ አፍ ዙሪያ ይሁን፣ ጭረቱም በመግቢያዎቹ ጠርዝ። በረሃ ላይ የምታርፍ ከሆነች ደግሞ አቧራው ከእግሮቿ ጀምሮ ወደ ላይ እየሳሳ ይሂድ። የተቀረጹትን መስመሮች ለማጉላት በጣም የቀጠነ ጥቁር ቡናማ ቀለም አፍስሱባቸው፤ ከሥሩ ግን የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ መቅደም አለበት፣ አለዚያ ቀለሙ ተሰራጭቶ ገላዋን ያጨቀየዋል። ድምዳሜው ማት (የማያብረቀርቅ) ቫርኒሽ ነው፤ መስኮቱን በቴፕ ሸፍናችሁ ንፉትና ሲደርቅ ቴፑን በወረንጦ አንሱ።