ከበረራ በፊት በሚደረግ የአውሮፕላን ፍተሻ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አብራሪ ከመነሳቱ በፊት አውሮፕላኑን ዞሮ የሚያየው ቴክኒሺያኑን ለመተካት አይደለም። ጥገናው ካለቀና ፊርማው ካረፈ በኋላ፣ ሞተር ከመነሳቱ በፊት የሚያየው የመጨረሻ ሰው እሱ ስለሆነ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች ካለማወቅ የሚመጡ አይደሉም። አብዛኞቹን የሚሠራቸው ልምድ ያለው ሰው ነው፤ ትናንት ደህና የነበረውን ዛሬም ደህና ነው ብሎ ስለሚጠብቅ ዓይኑ የሚያየው የጠበቀውን ይሆናል።

የፒቶ ቲዩብንና የስታቲክ ፖርትን ቀዳዳ ከሩቅ አይቶ ማለፍ

ፒቶ ቲዩብ ከፊት እየገፋ የሚመጣውን አየር ግፊት ይወስዳል። ስታቲክ ፖርት ደግሞ በአውሮፕላኑ ዙሪያ ያለውን የአየር ግፊት ይወስዳል። ከፍታ የሚሰላው ከስታቲኩ ነው፤ ፍጥነት ከሁለቱ ልዩነት። ስለዚህ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ከተደፈነች መሣሪያዎቹ ዝም አይሉም፤ ይዋሻሉ። ፒቶው ግፊት እንደያዘ ከተዘጋ አውሮፕላኑ ከፍ ባለ ቁጥር የፍጥነት መለኪያው ይጨምራል። አብራሪው በጣም ፈጠንኩ ብሎ አፍንጫውን ያነሳል፣ አውሮፕላኑ ግን በእውነቱ ፍጥነት እያጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የቢርገንኤር ቦይንግ 757 በዚህ ዓይነት ወድቆ 189 ሰዎች አልቀዋል። አውሮፕላኑ የፒቶ መሸፈኛ ሳይደረግለት ለቀናት ቆሞ ስለነበር ተርብ ጎጆ ሳይሠራበት አልቀረም ተብሏል።

በዚያው ዓመት የኤሮፔሩ በረራ 603 ከሊማ ሲነሳ፣ ለእጥበት ተብሎ በስታቲክ ፖርቶቹ ላይ የተለጠፈው ፕላስተር አልተነሳም ነበር። ብርማ ፕላስተር ብርማ በሆነ የአውሮፕላን ገላ ላይ፣ ያውም በሌሊት፣ ከጥቂት እርምጃ ርቀት አይለይም። 70 ሰዎች ሞቱ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ስታቲክ ፖርቱ ፊት ለፊት ይቁሙ፣ የእጅ ባትሪውን በጎን ያብሩበት፣ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ይዩ። ጨለማ ነጥብ ካልታየ ቀዳዳው ክፍት አይደለም። ፒቶውን ግን በእጅ አይንኩ፤ ማሞቂያው በርቶ ከነበረ ክፉኛ ያቃጥላል። መሸፈኛው እንዳይረሳ የሚንጠለጠልበት ቀይ ሪባን የለም ማለትም መሸፈኛ የለም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ከብሪዝበን የተነሳ ኤርባስ 330 ሦስቱም ፒቶዎቹ እንደተሸፈኑ አየር ላይ ወጥቷል። መሸፈኛው ያለበት ቦታ ከሰው ቁመት በላይ በመሆኑ ቀና ብሎ ያላየ ሰው ያመልጠዋል። በሰላም መመለሱ ዕድለኝነት ነው።

ጎንበስ አለማለት

በኤርባስ 320 ቤተሰብ አውሮፕላኖች ላይ የሞተሩ ሽፋን መቆለፊያዎች ያሉት ከሞተሩ ሆድ ሥር ነው። ሽፋኑ ሳይቆለፍ ሲቀር በራሱ ክብደት ወርዶ የተዘጋ ይመስላል፤ ቆሞ ለሚያይ ሰው ልዩነቱ አይታይም። እ.ኤ.አ. በ2013 ከሂትሮው የተነሳ ኤርባስ 319 የሁለቱም ሞተሮች ሽፋን ሲነሳ ተገንጥሎ በረረ፤ የቀኙ ሞተር የነዳጅ ቱቦ ተበስቶ እሳት ተነሳ። ሌሊት ዘይት ለማየት ሽፋኑን የከፈቱት ቴክኒሺያኖች ሥራቸውን ለመጨረስ ሲመለሱ የሄዱት ወደ ሌላ አውሮፕላን ነበር። አብራሪውም በዙሪያ ፍተሻው አላየውም።

ጉልበትዎን አጥፈው ከሥር ይመልከቱ። መቆለፊያዎቹ ከሽፋኑ ጋር እኩል ተኝተው መታየት አለባቸው፤ አንዱም ተንጠልጥሎ ከታየ አውሮፕላኑ አይነሳም። መሬቱ እርጥብ መሆኑ፣ ልብስ መቆሸሹ ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ጎማና ፍሬን በግምት ማየት

በአንድ አክስል ላይ ካሉት ሁለት ጎማዎች አንዱ ቢተነፍስ ጎረቤቱ ሸክሙን ስለሚወስድለት የተነፈሰው ደህና መስሎ ይቆማል። ግፊቱ 200 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ገደማ የሆነ ጎማ በዓይን አይለካም፤ በእርግጫ ደግሞ ጨርሶ አይለካም። የአብራሪው ድርሻ የተቆረጠ፣ የተላጠ፣ ክሩ የታየ ወይም ያበጠ ቦታ መፈለግና የግፊቱ ልኬት በቴክኒክ ሎጉ፣ ማለትም የአውሮፕላኑ ጉድለትና ጥገና በሚጻፍበት መዝገብ፣ መመዝገቡን ማየት ነው። ግፊቱ ያነሰ ጎማ ሲንደረደር ይግላል፣ አጠገቡ ያለው ደግሞ ከአቅሙ በላይ ይሸከማል። እ.ኤ.አ. በ1991 በጅዳ 261 ሰዎች ያለቁበት የዲሲ 8 አደጋ የጀመረው ከዚህ ነው።

ፍሬኑ ምን ያህል እንዳለቀ የሚያሳየው መለኪያ ፒን የሚነበበው የማቆሚያ ፍሬኑ ተይዞ፣ የሃይድሮሊክ ግፊትም እያለ ነው። ፍሬኑ ተለቆ ከታየ ፒኑ ረዝሞ ያለቀውን ፍሬን አዲስ ያስመስለዋል።

ስስ ውርጭን መናቅ

እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሻከረ ስስ ውርጭ በክንፉ የላይ ገጽ ላይ ካለ የማንሳት ኃይሉን እስከ 30 በመቶ ሊቀንስ፣ የአየር መጎተቱን እስከ 40 በመቶ ሊጨምር ይችላል። ከሁሉ የሚያሳስተው ግን እንደ መስታወት ጥርት ያለው በረዶ ነው። ረጅም በረራ ላይ የቀዘቀዘ ነዳጅ በክንፉ ውስጥ ሲቀር፣ የውጭው ሙቀት ከዜሮ በላይ ቢሆንም እንኳ ዝናብና እርጥበት ክንፉ ላይ ይረጋል። ሲያዩት እርጥብ ቀለም ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1991 መጨረሻ ከስቶክሆልም የተነሳው ኤምዲ 81 ክንፉ ላይ የቀረው በረዶ ተሰብሮ ከኋላ ባሉት ሞተሮች ስለገባ ሁለቱም ጠፍተዋል፤ የነበሩት 129 ሰዎች በሙሉ መትረፋቸው ይገርማል። ጥርጣሬ ካለ ክንፉ በእጅ ይዳሰስ።

ለነዳጅ ቁጥሩን እንጂ የመለኪያ አሃዱን አለማየት

ነዳጅ የሚቀዳው በሊትር ነው፣ አውሮፕላኑ የሚያስበው ግን በክብደት። እ.ኤ.አ. በ1983 የኤር ካናዳ ቦይንግ 767 የነዳጅ መለኪያዎቹ ስለማይሠሩ በታንኩ ያለው በእጅ ተለክቶ 7,682 ሊትር ሆነ። ያስፈልግ የነበረው 22,300 ኪሎ ነው። ሊትሩን ወደ ክብደት ለመለወጥ የተባዛበት 1.77 ግን የፓውንድ ቁጥር ነበር፤ የኪሎው 0.8 ገደማ ነው። ስለዚህ 20,000 ሊትር አካባቢ መጨመር ሲገባው የተጨመረው 4,916 ሊትር ብቻ ሆነ። ሁለቱም ሞተሮች አየር ላይ ጠፍተው አውሮፕላኑ እየተንሸራተተ ጊምሊ አረፈ።

ቀድሞ የነበረውንና የተቀዳውን ደምረው አሁን ከሚነበበው ጋር ያመሳክሩ፤ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን የመለኪያ አሃዱን ይጻፉ።

ማብሪያውን ሳያዩ መልስ መስጠት

ቼክሊስቱ ሲነበብ አፍ ከዓይን ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ2005 በሄሊዮስ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ላይ የካቢን አየር ግፊት መምረጫው ከጥገና በኋላ በእጅ መቆጣጠሪያ ላይ ቀርቶ ነበር። አብራሪዎቹ ከመነሳታቸው በፊትም ሆነ ከተነሱ በኋላ አላስተዋሉትም፤ በኦክስጅን እጥረት ራሳቸውን ስተው አውሮፕላኑ ወደቀ፣ 121 ሰዎች ሞቱ። ጥገና በተደረገ ማግስት የትኛውም ማብሪያ የተለመደ ቦታው ላይ ነው ብሎ መገመት አይገባም። ጣትዎን አስጠግተው ያንብቡ፣ ከዚያ ይመልሱ።

የመሪ ፍተሻም እንደዚሁ ነው። መሪው እስከ መጨረሻው ወደ ሁሉም አቅጣጫ ሳይንቀሳቀስ ተፈትሿል አይባልም። እ.ኤ.አ. በ2014 ቤድፎርድ ላይ ሰባት ሰዎች የሞቱበት ጋልፍስትሪም የመሪ መቆለፊያው ሳይፈታ ነው የተንደረደረው። የቀደሙት 175 መነሻዎቹ ሲመረመሩ በ98 በመቶው የመሪ ፍተሻው የተሟላ አልነበረም።

ፍተሻው በስልክ ወይም በጥያቄ ከተቋረጠ ካቆሙበት አይቀጥሉ፤ ወደዚያ የፍተሻ ክፍል መጀመሪያ ይመለሱ።

ያዩትን በቃል ብቻ መንገር

ቴክኒሺያኑ አጠገብዎ ቢቆምም ያገኙትን ጉድለት በቴክኒክ ሎጉ ላይ ይጻፉ፤ ቦታውን፣ መጠኑንና ሰዓቱን ጨምረው። «ሞተር ላይ ዘይት አለ» የሚል ጽሑፍ ማንንም አይረዳም። «ከቀኙ ሞተር ሽፋን ሥር፣ በደቂቃ ሦስት ጠብታ» ሲባል ግን ቴክኒሺያኑ ጠብታውን ከተፈቀደው ልክ ጋር ማነጻጸር ይችላል። በቃል የተነገረ ጉድለት የሥራ ፈረቃ ሲቀየር ይጠፋል፤ ቀጣዩ አብራሪም ሎጉን ሲከፍት ንጹሕ አውሮፕላን ያገኘ ይመስለዋል።