ረዳት ካላችሁ አይጎትት
ሙሉ ፕላይውድ በጠረጴዛ መጋዝ (ጥርሳሙ ዲስክ ከጠረጴዛው ላይ ብቅ ብሎ በሞተር በሚሽከረከርበት) ስትቆርጡ ረዳት ቢኖር ጥሩ ነው። ግን አስቀድማችሁ አንድ ነገር ንገሩት፦ እንዳይጎትት። ብዙ ሰው ያገዘ መስሎት የሚወጣውን ጫፍ ይስባል። ያኔ እንጨቱ ይጣመምና ዲስኩን ይነክሳል፤ መጋዙም መልሶ ወደሚገፋው ሰው ይወረውረዋል። በጣም አደገኛ ነው! የረዳቱ ሥራ ከሥር ደግፎ በጠረጴዛው ልክ መያዝ ብቻ ነው። የሚገፋውም የሚመራውም አንድ ሰው ይሁን። “አቁም” የሚል የእጅ ምልክት ሞተሩ ሳይነሳ ተስማሙ፤ ከተነሳ በኋላ መሰማማት የለም።

ብቻዬን ከሆንኩ ሙሉውን ጠረጴዛ ላይ አላወጣም። 122 በ244 ሴንቲሜትር የሆነ፣ ባለ 18 ሚሊሜትር ፕላይውድ 30 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ወለል ላይ ፎም አንጥፌ፣ በእጅ በሚያዝ ክብ መጋዝ መጀመሪያ እከፋፍለዋለሁ።