የተለገሱት የቤተ ሙከራ ዕቃዎች ከመጋዘን የወጡበት መንገድ

በጅማ ከተማ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሳይንስ ክበቡን ሳስተባብር የገጠመኝ ችግር፣ የልገሳ እጥረት ሳይሆን የተለገሰው ዕቃ ከሚሰጠው ትምህርት ጋር አለመገናኘቱ ነበር። በ110 ቮልት የሚሠራ ማይክሮስኮፕ፣ የአገራችን መሥመር 220 ቮልት በመሆኑ፣ ከነካርቶኑ ተቀምጦ ነበር።

መፍትሔው የተጀመረው ከጥያቄያችን አጻጻፍ ነው። «ቤተ ሙከራችንን እርዱ» የሚለውን ደብዳቤ ትተን፣ ከመምህራኑ ጋር የመማሪያ መጽሐፉን እየገለጥን፣ እያንዳንዱ ሙከራ የሚፈልገውን ዕቃ፣ ብዛቱን፣ ቮልቴጁንና ትምህርቱ የሚሰጥበትን ወር የያዘ ሠንጠረዥ አዘጋጀን፤ ለማይክሮስኮፑ የሚሆን ትራንስፎርመርም በዚሁ ገባ። ወላጆችና ነጋዴዎች ከሠንጠረዡ የአቅማቸውን መርጠው ይሸፍናሉ፤ ዕቃው በሞዴል 19 (በንብረት ገቢ ደረሰኝ) ገቢ ሆኖ ቅጂው ለለጋሹ ይሰጣል። ይህች ወረቀት ከምስጋና ደብዳቤ ይልቅ መተማመንን እንደምታመጣ ታዝቤአለሁ።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን የሚከተል በመሆኑ በጎ ፈቃደኛ ተማሪዎችን ማግኘት አልከበደም፤ የከበደው ጊዜያቸውን ከክፍለ ጊዜው ጋር ማጣጣም ነበር። ስለዚህ እያንዳንዳቸው ከአንድ መምህር ጋር ተጣምረው ሙከራውን ከትምህርቱ ቀን አስቀድመው እንዲሠሩት አደረግን። በአንዱ ልምምድ ውኃው 94 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲፈላ፣ አዲሱ ቴርሞሜትር ተበላሽቷል የሚል ጥርጣሬ ተነሣ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቱ ዝቅ እንደሚልና ውኃውም ከ100 ዲግሪ በታች እንደሚፈላ በጎ ፈቃደኛዋ አስረዳች፤ ልዩነቱም ለክፍሉ ጥያቄ ሆኖ ቀረበ።

ኬሚካልን ግን ስሙና የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑ በግልጽ ካልተጻፈበት በስተቀር አንቀበልም።