ሐኑካንና ገናን ጎንደር ላይ በአንድ ማዕድ

ከእስራኤል፣ ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ መጥተው ጎንደር ቤት የተከራዩ ሰዎች የአይሁዶቹን ሐኑካና የክርስቲያኑን ገና በአንድ ምሽት ለማክበር ሲነሡ ነገሩ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ቀን ሲቆርጡ ነው። የፈረንጆቹ ገና ታኅሣሥ 16 ላይ ይውላል። የእኛው ታኅሣሥ 29 ነው፤ ጳጉሜ 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ግን የፈረንጆቹ ታኅሣሥ 15፣ የእኛው ታኅሣሥ 28 ይሆናል። ሐኑካ በዕብራውያን አቆጣጠር ኪስሌው 25 ገብቶ በየሌሊቱ አንድ ሻማ እየተጨመረ ስምንት ሌሊት ይዘልቃል። በእኛ ቀን ስንቆጥረው በየዓመቱ ወዲህና ወዲያ ይላል እንጂ በዘመናችን ከጾመ ነቢያት ውጭ አይወጣም። ጾሙ ኅዳር 15 ይገባል፣ በገና ይፈታል። እንግዲህ ለሐኑካ የምትጠሩት ኦርቶዶክስ ጎረቤትና የሥራ ባልደረባ ጾመኛ ነው ማለት ነው፤ ቅቤ የገባበት ወጥና እንቁላል ብታቀርቡለት ውኃ ጠጥቶ ይሄዳል።

ስለዚህ ድግሱን የጾም አድርጉት። ሐኑካ የዘይት በዓል ስለሆነ ምንም አይጎድልበትም። በዚያ ላይ ከሥጋ ጣጣ ትገላገላላችሁ፤ ክርስቲያኑም አይሁዱም ሌላ ያረደውን አይነካም፣ ለአይሁዱ ደግሞ ሥጋና ወተት በአንድ ማዕድ አይቀርብም። ድግሱን ወደ እኛው ገና ዕለት መግፋት አያዋጣም። ያን ጊዜ ሐኑካ አልፏል፣ ሻማው ከሌሊቱ ውጭ አይበራም።

በ2019 የመጀመሪያው ሻማ ዓርብ ኅዳር 25 ማታ፣ ስምንተኛው ዓርብ ታኅሣሥ 2 ማታ ይበራል። ሁለቱንም ዓርቦች ተዉአቸው። ሰንበት ስለሚገባ ሐኑኪያው (ሻማው የሚደረደርበት መቅረዝ) ፀሐይ ሳትጠልቅ መለኮስ አለበት፣ ከዚያ በኋላ እሳት አይነካም። እሑድ ኅዳር 27 (ሦስተኛው ሻማ) ወይም ሐሙስ ታኅሣሥ 1 (ሰባተኛው) ይመቻል። በ2020 ግን ቅዳሜ ታኅሣሥ 15 ማታ ሁለተኛው ሻማና የፈረንጆቹ ገና አንድ ላይ ይገጥማሉ፤ ከዚያ የተሻለ ቀን አይገኝም። ወጥ ሠሪዋ አይሁዳዊት ከሆነች ግን ሰንበት ሳይወጣ ምድጃ እንደማትነካ አስቡበት። ገበያውም የሚደምቀው ቅዳሜ ስለሆነ የእሷን ግዢ ዓርብ ጧት ጨርሱ።

ሐኑኪያ ካልያዛችሁ ስምንት የአረቄ መለኪያ በአንድ መስመር፣ በእኩል ከፍታ በብረት ትሪ ላይ ደርድሩ። ዘጠነኛውን፣ ሻማሽ የሚባለውን ማቀጣጠያ፣ በተደፋ ስኒ ላይ ከፍ አድርጉት። በየመለኪያው ሥር ሁለት ጣት ውኃ፣ ከላዩ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምሩ። ከጥጥ የተፈተለ ክር በቀዳዳ ፎይል አሳልፋችሁ ዘይቱ ላይ አንሳፍፉት። ውኃው ዘይቱ ሲያልቅ እሳቱን ያጠፋዋል፣ ብርጭቆውም አይሰነጠቅም። ወለቃ ካሉ ሸክላ ሠሪዎች ማሠራትም ያምራል፤ ያልተቀባ ሸክላ ዘይት ስለሚመጥ ግን ጉድጓዶቹን በፎይል አልብሷቸው። በሻማ የምታከብሩ ከሆነ ለስምንቱ ሌሊት ሻማሹን ጨምሮ 44 ያስፈልጋል።

ሻማው የሚደረደረው ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ የሚለኮሰው ግን ከግራ፣ ከዕለቱ አዲስ ሻማ ይጀምራል። በዚህ ወቅት ጎንደር ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ትንሽ አለፍ ብሎ ስለሆነ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ብትለኩሱ ጥሩ ነው፤ ቅዳሜ ግን ሰንበት እስኪወጣ ጠብቁ። ከመሸ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መንደድ አለበት። በሐኑካ ብርሃን መሥራት ወይም ማንበብ አይፈቀድም፤ መብራት ቢጠፋ ለማዕዱ ሌላ ፋኖስ ወይም ቻርጅ የተደረገ ባትሪ አዘጋጁ። ጉዝጓዙ ሐኑኪያው ሥር አይድረስ። ለገና ያቆማችሁት የጥድ ቅርንጫፍ ደግሞ ቶሎ ይደርቃል፣ ውስጡም ዘይት አለው፤ ከእሳቱ ሁለት ሜትር አርቁት።

አሁን ወደ ምጣዱ። ለ20 ሰው 2 ኪሎ ድንች፣ 1 ኪሎ ፉርኖ ዱቄትና 3 ሊትር ዘይት ይበቃል፤ እንጀራ፣ ምስር ወጥ፣ ሽሮና ጎመን ከጎኑ አለና። ዘይቱ የሱፍ ይሁን። የሚረጋው የፓልም ዘይት በታኅሣሥ ብርድ ጥብሱ ላይ ሰም መስሎ ይቀራል፣ አፍም ይለብዳል።

ሌቪቮት ማለት የድንች ጥብስ ነው። እስራኤል ውስጥ በእንቁላል ይያያዛል፤ የጾሙ በራሱ በድንቹ ስታርችና በሽምብራ ዱቄት ይያያዛል። ድንቹን ፈቅፍቃችሁ በንጹሕ ሻሽ አጥብቃችሁ ጭመቁት፣ ውኃውን ግን አትድፉ። 10 ደቂቃ ሲቀመጥ ነጭ ስታርች ሥር ይረጋል። ላዩን አንቆርቁራችሁ ዝቃጩን ከድንቹ ጋር ቀላቅሉ። ሁለት የተፈቀፈቀ ቀይ ሽንኩርት፣ 5 የሾርባ ማንኪያ የሽምብራ ዱቄትና ቁንዶ በርበሬ ጨምሩ። ጨው የሚገባው መጥበሻው ከጋለ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከገባ ድንቹ ውኃ ያወጣና ይላላል። አንድ ጣት ያህል ዘይት አግሉ፣ መዳፍ የምታህል ቂጣ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ዳርና ዳሩ ሳይቀላ አትገልብጡ። በአንድ ጊዜ ከአምስት በላይ ካገባችሁ ዘይቱ ይበርድና ጥብሱ ዘይት ይጠጣል። ከተበታተነባችሁ አልተጨመቀም፣ ወይም ቸኩላችሁ ገልብጣችኋል። በስናፍጭ ወይም በአዋዜ ይበላል። ጣፋጭ ለሚወድ ፖም በስኳር ቀቅላችሁ አድቅቁ።

ሱፍጋኒያ የእኛው ቦምቦሊኖ ነው፤ ማርማላታ ይሞላል። ከዳቦ ቤት አትግዙ፣ ወተትና እንቁላል ሊኖርበት ይችላል። ለ1 ኪሎ ዱቄት 120 ግራም ስኳር፣ 10 ግራም ደረቅ እርሾ፣ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 80 ሚሊ ሊትር ዘይትና 560 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውኃ። 10 ደቂቃ እሹት፣ እጥፍ እስኪሆን ኩፍ ይበል፤ 30 ያህል ድቡልቡል አውጡለትና 20 ደቂቃ ያርፍ። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ሊጥ በእኩል ሙቀት ቆላ ካለው ፈጥኖ ይነሣል፣ ካለፈበት መጥበሻ ውስጥ ይተኛል። ጓዳው ሞቃት ከሆነ ከ40 ደቂቃ ጀምሮ እዩት። እሳቱን መካከለኛ አድርጉ። ዘይቱ በጣም ከጋለ ላዩ ይጠቁርና መሀሉ ሊጥ ይቀራል። አንዱን ጠብሳችሁ ቆርሳችሁ ሳታዩ ሌላውን አታግቡ።

ዓሣ ማቅረብ ካሻችሁ የጣና ቆሮሶ ይሁን። ቅርፊትና ክንፍ ስላለው ለአይሁድ የተፈቀደ ነው፤ አምባዛ ቅርፊት የለውምና አይሆንም። በጾም ዓሣ የማይበሉ ምእመናን ብዙ ስለሆኑ በሌላ መጥበሻ፣ በሌላ ዘይት ጠብሳችሁ በተለየ ጠረጴዛ አኑሩት። ካሽሩትን (የአይሁድን የምግብ ሕግ) አጥብቆ የሚይዝ እንግዳ ካለ አስቀድማችሁ ደውሉለት። አንዳንዱ አዲስ መጥበሻና የወረቀት ሳህን ይበቃዋል፣ አንዳንዱ ያልተላጠ ፍራፍሬ ብቻ ይበላል፣ የአይሁድ እጅ ያልሠራውን ወይን የማይጠጣም አለ። የማትችሉትን እንችላለን አትበሉት።

ልጆች ካሉ 9 ሰዓት ላይ ጥሯቸው። በሩርና በቆልማማ ዱላ ሜዳ ላይ ገና ይጫወቱ፣ ሲመሽ ወደ ሰቪቮን ይግቡ። በዚህች፣ በአራት ጎኗ የዕብራይስጥ ፊደል ባለባት እንዝርት፣ በሽምብራ ቆሎ ይጫወቱባታል፤ ኑን ከወጣ ምንም የለም፣ ጊሜል ሁሉን ያስወስዳል፣ ሄ ግማሹን፣ ሺን አንድ ያስከፍላል። እስራኤል ውስጥ በሺን ፈንታ ፔ ተጽፏል፣ ሕጉ ያው ነው።

ሻማው ሲበራ የሚባርኩት አይሁዶቹ ናቸው፤ ሌላው ቆሞ ያዳምጥ፣ አሜን በሉ ብላችሁ አታስገድዱ። ማዕዱን ደግሞ ከመጡት በዕድሜ የሚበልጠው አባት ይባርክ። «ይህ ምን በዓል ነው?» ለሚሉ አባቶች የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ቁጥር 22 ጥሩ መግቢያ ነው፤ እዚያ የተጠቀሰው የመቅደስ መታደስ በዓል ይኸው ነው። ፎቶ አንስታችሁ ፌስቡክ ላይ ስትለጥፉ አንድ በአንድ አስፈቅዱ። ጎንደር ውስጥ ወደ እስራኤል ለመሄድ ዓመታት የጠበቁ ቤተሰቦች አሉ፤ ከገና ዛፍ ሥር የታየች አንዲት ፎቶ «ክርስቲያን ናቸው» አሰኝታ ለእነሱ ጣጣ ልታመጣ ትችላለች፣ ይህን በቀላሉ አትዩት።

የተረፈው ሌቪቮት በማግስቱ ዘይት ሳይጨመር በደረቅ ምጣድ ሲሞቅ ይጣፍጣል። ቦምቦሊኖው ግን አያድርም፤ እንግዳው ሳይወጣ ጠቅልላችሁ አስይዙት።