በደሴ ብርድና በኮምቦልቻ ሙቀት አረጋውያንን እንዴት እንጠብቅ?

በከተማ ይበልጥ የሚገድለው ሙቀት ነው ወይስ ብርድ? እ.ኤ.አ. በ2015 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት በ13 አገሮች የተመዘገቡ 74 ሚሊዮን ሞቶችን መርምሯል። ከ100 ሞት 7 ያህሉ ከብርድ ጋር ተያያዘ። የሙቀት ድርሻ ግን ከ100 ሞት አንድ እንኳ አልሞላም። ደግሞ ብዙ ሰው የጨረሰው ከባዱ ውርጭ አይደለም፤ “ይቻላል” ተብሎ የሚታለፈው ቀለል ያለ ብርድ ነው። ኢትዮጵያ ጥናቱ ውስጥ የለችም። ብርድና ሙቀት ሰውነት ላይ የሚሠሩት ሥራ ግን የትም ያው ነው።

ከደሴ እንጀምር። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ብርድ የደም ስሮችን ያጠብባል፤ ግፊት ይጨምራል፤ ልብ ይደክማል። ጉዳቱ ሳምንታት ቆይቶም ሊመጣ ስለሚችል ውርጩ አለፈ ብላችሁ አትዘናጉ። ከጥቅምት እስከ ጥር እናት አባት ከአልጋ ሳይወርዱ ካልሲና ሹራብ አልብሷቸው። ለኪዳንም ሆነ ለሱብሂ ሶላት ሲወጡ ራሳቸውን ይሸፍኑ። ግፊታቸውን አስለኩ፤ መድኃኒት እንዳያቋርጡ ተከታተሉ።

ከሰል ላይ ግን ቀልድ የለም። ጭሱ ስላለቀ መርዙ ያለቀ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም። በር ገርበብ ማድረግም አያስተማምንም። ምድጃውን ከመኝታ በፊት ከቤት አውጡ። ቤት ውስጥ ያሉት ሁሉ አንድ ላይ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመራቸው ወዲያው ወደ ውጭ!

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎ ቁልቁለት ስትወርዱ ነገሩ ይገለበጣል። ሙቀት ጊዜ አይሰጥም፤ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ይጥላል። በኮምቦልቻና በባቲ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት እኩለ ቀን ላይ አያስቀምጥም፤ ሽማግሌዎችን ጥላ ሥር አውጧቸው። በዕድሜ የገፋ ሰው ጥማቱ ስለሚደክም “ውሃ ጠማዎት?” ብላችሁ አትጠይቁ፤ በየጊዜው አጠጡ። ለሰኞ ገበያ ባቲ የሚወርድ ደገኛ ደግሞ ይጠንቀቅ። ሰውነት ሙቀት ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ሽንት የሚያበዛ የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ከመውረዳቸው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ።

ሰውየው ከቀባጠረ፣ ገላውም እንደ እሳት ከጋለ ፀሐይ መትቶታል። ጥላ ውስጥ አስገቡት፤ ልብሱን አላሉ፤ ውሃ እያፈሰሳችሁ አራግቡለት። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አትስጡ። ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውሉ፤ እስኪመጣ ማቀዝቀዙን አታቁሙ።