የቮልስ ካርቡራተር ላይ ያለችው የቤንዚን መግቢያ ቱቦ ስትላላ ምን ይደረጋል

ቮልስ ያላችሁ ሰዎች ሞተሩ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ የኋላውን ክዳን ክፈቱና ካርቡራተሩ ላይ የቤንዚን ጎማው የሚገባባትን ትንሽ የነሐስ ቱቦ ያዝ አድርጋችሁ ወዝወዝ አድርጓት። ከተነቃነቀች ወይም እጃችሁ ላይ ከዞረች መኪናውን አትንዱት፣ ቀልድ የለውም። ቱቦዋ እንደ ብሎን በጥርስ የታሰረች አይደለችም፣ ፋብሪካው በግፊት ብቻ ነው የሰካት። የካርቡራተሩ አካል ደግሞ ዚንክ የበዛበት ለስላሳ ብረት ስለሆነ ከነሐሱ ጋር ሲሞቁም ሲቀዘቅዙም እኩል አይሄዱም፣ እንዲህ 40 እና 50 ዓመት ሲመላለሱ ቀዳዳው ይሰፋል። መንገድ ላይ ከወጣች ፓምፑ ምንም ሳያውቅ ቤንዚኑን ሞተሩ ላይ እየረጨ ነው የሚቀጥለው፣ አጠገቡ የእሳት ብልጭታ የሚያመጡት ዲስትሪቢዩተርና ቦቢና አሉ፣ ቮልስ ከኋላው ሲነድ አንዱ የታወቀ መነሻ ይሄ ነው።

ችግሩ ያቺን ቱቦ ለብቻዋ የሚሸጥ አለመኖሩ ነው። ሶማሌ ተራ ብትጠይቁ ሙሉ ካርቡራተር ነው የሚያወጡላችሁ፣ እሱም አዲስ ይሁን እንጂ ቱቦው ያው በግፊት የገባ ነው። አሮጌ ካርቡራተር በርካሽ ገዝቶ ቱቦውን ነቅሎ ወደኛው መምታትም አለ ግን አልመክርም፣ የሰፋው የናንተ ቀዳዳ ነው እንጂ ቱቦው አላነሰም። ኢፖክሲ መቀባት የሚሉም አሉ፣ ሙቀቱ ሲመላለስበት ይለቃል፣ ሱፐር ግሉማ ተዉት። ሁነኛው መፍትሄ ቀዳዳውን ጥርስ አውጥቶ በጥርስ የሚታሰር ኒፕል (ጎማው የሚሰካበት አጭር ቱቦ) ማስገባት ነው።

ለጥርሱ ኤም 8 በ1 (ውፍረቱ 8 ሚሊ፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ 1 ሚሊ) ነው የምመርጠው። አንድ ስምንተኛ ኢንች የሚባለው በየአየር መሳሪያና ቧንቧ መለዋወጫ ሱቁ እንደልብ ይገኛል፣ ግን ሰፊ ቀዳዳ ስለሚፈልግ ግድግዳውን ያሳሳዋል። ደሞ አንድ ስምንተኛ የሚባለው ራሱ ሁለት ዓይነት ነው፣ የአሜሪካኑ በኢንች 27 ጥርስ፣ የእንግሊዙ 28 ጥርስ፣ ሁለቱ ሁለት ዙር ያህል ይገቡና የተያዙ ይመስላሉ ከዛ ለስላሳውን ብረት ይበሉታል። የፍሬን ቱቦ ጫፍ ላይ ያለው ኤም 10 በ1 ደግሞ በዓይን ከነሱ አይለይም። ስለዚህ ሱቅ ስትሄዱ ካሊብሮ (ውፍረት መለኪያ) ይዛችሁ ሂዱ፣ "ይሄው ነው ወንድሜ፣ ይገጥማል" ሲሏችሁ እሺ እያላችሁ ለኩ።

ኤም 8 በ1 ዝግጁ ኒፕል ካጣችሁ (ታጡታላችሁ) ቶርኖ ቤት አስቀርጹ፣ ለባለሙያ ቀላል ስራ ነው። ከ10 ሚሊ የነሐስ ዘንግ፣ ባለ ስድስት ጎን ቢሆን ደስ ይላል፣ ካልሆነም ክቡን ሁለት ጎኑን በሊማ ጠፍጠፍ አድርጎ ለቁልፍ ማዘጋጀት ይቻላል። ጥርሱ 8 ሚሊ ያህል ይርዘም፣ ጎማ የሚገባበት 20 ሚሊ ያህል፣ ውፍረቱ 6 ሚሊ፣ መሀሉ በ4 ሚሊ ፑንታ (መብሻ) ይበሳ። ጫፉ ላይ 6.8 ሚሊ የምትሆን ጉብታ አስቀሩ፣ ክላምፑ ከጉብታዋ ኋላ ሲያርፍ ጎማው አይወጣም፣ ግን ጉብታዋ ለስለስ ትበል፣ ሹል ከሆነች ጎማውን ከውስጥ ትቆርጠዋለች። ለባለሙያው ጥርሱ በ1 ነው ብላችሁ ሁለት ጊዜ ንገሩት፣ ካልነገራችሁት የተለመደውን በ1.25 ያወጣላችኋል፣ እሱ ጥልቅ ስለሆነ ለዚህ ቦታ አይሆንም። ብረት ኒፕል አትቀበሉ፣ ይዝጋል፣ ፕላስቲክማ ሞተር አጠገብ ጭራሽ አይታሰብም።

አሁን ወደ ካርቡራተሩ። 5ቱን ብሎን ፈታችሁ የላይኛውን ክዳን ብቻ ነው የምታነሱት፣ ተንሳፋፊው ታች ይቀራል፣ ጓርኒሲዮኑን አትቅደዱት። መጀመሪያ መርፌ ቫልቩን (ቤንዚኑን የሚከፍተውንና የሚዘጋውን) ከክዳኑ ስር አውጡ፣ ብናኝ እንዳይገባበት። ከዛ የቱቦዋ ውስጥ የሚገጥም የፑንታ ግንድ ከታችሁ በፒንሳ እያዞራችሁ ሳቡ፣ ባዶውን ብትይዟት ትጨፈለቅና ትሰበራለች። ቀዳዳውን በ7 ሚሊ ፑንታ አስፉ፣ ፑንታው ላይ ቴፕ ጠቅልላችሁ ጥልቀቱን ምልክት አድርጉ ምክንያቱም ወደ መርፌ ቫልቩ መቀመጫ ከዘለቀ ክዳኑ አበቃለት። ቢቻል በእጅ ሳይሆን በቋሚው ትራፓኖ። ጥርስ ማውጫው ስራ ላይ ግማሽ ዙር ወደፊት ሩብ ዙር ወደኋላ፣ በነጭ ጋዝ እያራሳችሁ። ሲያልቅ በቤንዚን እጠቡትና ጎሚስታ ጋ ወስዳችሁ በኮምፕሬሰር አስነፉት፣ እያንዳንዷን ቀዳዳ።

ኒፕሉን ስታስሩ ቴፍሎን አትጠቅልሉ! የቧንቧ ሰራተኛ ልማድ ነው፣ ክሩ ተበጥሶ መርፌ ቫልቩ ስር ይገባና መርፌው አልዘጋ ብሎ ካርቡራተሩ ይጥለቀለቃል። ቤንዚን የሚችል ሎክታይት (የጥርስ ማጣበቂያ) ጠብታ ጥርሱ ላይ ብቻ፣ ጫፉን ሳትነኩ፣ ከዛ በእጅ እስኪቆም አስራችሁ በቁልፍ ሩብ ዙር ያህል ጨምሩ፣ በቃ። ለስላሳ ብረት ነው፣ ጉልበት አይወድም። ቢያንስ አንድ ሌሊት ይደር።

ጎማው ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሰንፈው። ለ6 ሚሊ ቱቦ ኦሪጅናሉ ውስጡ 5.5 ሚሊ የሆነ ጎማ ነው፣ ሱቁ ሩብ ኢንች ሲሰጣችሁ 6.35 ሚሊ መሆኑ ነው፣ ዝም ብሎ ሹልክ ብሎ ይገባል፣ እንዲህ በቀላሉ የገባ ደግሞ በቀላሉ ይወጣል። ጎማው ላይ ዲን 73379 (DIN 73379) ወይም ኤስኤኢ ጄ30 አር7 (SAE J30 R7) የሚል የቤንዚን ጎማ ደረጃ ጽሁፍ ፈልጉ፣ የውሃ ጎማን ቤንዚን ያሳብጠዋል። የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኢታኖል ቤንዚን ውስጥ መደባለቅ ከጀመረበት ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ አሮጌ ጎማ ላይ መጨከን ነው ያለብን። እና እባካችሁ ያቺን ፕላስቲክ ፊልትሮ ከፓምፑና ከካርቡራተሩ መሀል አታንጠልጥሏት፣ ክብደቷ በንዝረት ቱቦዋን ቀን ከሌሊት እየነቀነቀች ነው ያላላቻት። ከሞተሩ ክፍል ውጭ፣ ካምቢዮው አጠገብ አድርጓት።

ስትፈትሹ የቦቢናውን ቀጭን ገመድ ነቅላችሁ ሞተሩን በስታርተር ብቻ አሽከርክሩ፣ ካርቡራተሩ ሲሞላ ኒፕሉን በደረቅ ሶፍት ጠቅልላችሁ እዩ፣ ትንሽ እርጥበት ካለ ሶፍቱ ያሳብቃል። ደረቅ ከሆነ ገመዱን መልሱና አስነሱት፣ የእሳት ማጥፊያዋ ከመቀመጫ ስር ሳይሆን እጃችሁ ጋ ትሁን። ሩብ ሰዓት ያህል ነድታችሁ ሞተሩ እንደጋለ አጥፉትና እንደገና በሶፍት እዩት፣ ሲቀዘቅዝም አንዴ፣ ምክንያቱም አንዳንዱ ጥርስ ሙቀት ላይ ይይዝና ሲቀዘቅዝ ነው የሚያለቅሰው።